የሽንት ቤት መቀመጫን በራስ እጅ መግጠም፦ ከልኬት እስከ መጨረሻው ፍተሻ

ስለ ቧንቧ ሥራ የሚጠይቁኝ ሰዎች በተደጋጋሚ የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፦ «አዲስ የሽንት ቤት መቀመጫ ገዝቼ ራሴ መግጠም እችላለሁ ወይ? ከገጠምኩትስ በኋላ ከሥሩ ውሃ እንዳያመነጭ፣ ሽታም እንዳያመጣ ምን ማድረግ አለብኝ?» መልሱን ለየሰዉ በቁርጥራጭ ከምሰጥ ይልቅ ሙሉውን አሠራር እዚህ በቅደም ተከተል አስፍሬዋለሁ።

የፍሳሽ ቧንቧውና የውሃ መስመሩ አስቀድመው ተዘርግተው ከሆነ፣ መፍቻ መያዝ የሚችል ጥንቁቅ ሰው የመግጠሙን ሥራ በአንድ ቀን ሊጨርሰው ይችላል። አዲስ የፍሳሽ መስመር መዘርጋት ግን ሌላ ሥራ ስለሆነ ይህ መመሪያ አይመለከተውም። በሚከተሉት ደረጃዎች ውስጥ ደጋግሜ የምመለስበት አንድ ነገር አለ፦ መቀመጫው ወለሉ ላይ አንዳች ሳይነቃነቅ መርጋት አለበት። ጥቂት እንኳ የሚወዛወዝ መቀመጫ፣ ሰው በተቀመጠበትና በተነሣ ቁጥር ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ እየገፋ ያላላዋል፤ ከወራት በኋላ ከሥሩ የሚታየው ውሃና የሚሸተው ሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ሊለኩ የሚገባቸው

ብዙ ሰው መጀመሪያ መቀመጫውን ይገዛና ቦታውን የሚለካው ከዚያ በኋላ ነው። ሴራሚክ ተቆርጦ ወይም ተስቦ ከቦታው ጋር ሊስማማ ስለማይችል መለካት ከመግዛት መቅደም አለበት።

መቀመጫዎች ፍሳሹን በሚያስወጡበት አቅጣጫ በሁለት ይከፈላሉ። የወለል መውጫ ያለው ፍሳሹን ቁልቁል ወለሉ ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ያወርዳል፤ የግድግዳ መውጫ ያለው ደግሞ ወደ ኋላ፣ ከግድግዳው ወደሚወጣው ቧንቧ ያስተላልፋል። የቧንቧዎ አፍ ወለሉ ላይ ከሆነ የመጀመሪያውን፣ ግድግዳው ላይ ከሆነ ሁለተኛውን ይግዙ። አንዱን ዓይነት በሌላው ቦታ ለማስገባት ተጨማሪ ክርን ቧንቧ መቀጠል ፍሳሹ እንዲዘጋ መንገድ መክፈት ነው።

ለወለል መውጫ የሚለካው ከግድግዳው እስከ ቧንቧው አፍ መካከለኛ ነጥብ ያለው ርቀት ነው። ልኬቱ የሚጀምረው ሴራሚክ ከተለጠፈበት የመጨረሻ የግድግዳ ገጽ ላይ ነው፤ ከወለሉ አጠገብ የሚሄደውን የግድግዳ ጠርዝ ማልበሻ ግን አያስቡት። አሮጌው መቀመጫ ገና ካልተነሣና በፍሳሽ መውጫው ግራና ቀኝ በሁለት ብሎኖች ከታሰረ፣ ከግድግዳው እስከ ብሎኖቹ መካከል ይለኩ፤ ብሎኖቹ ከቧንቧው መካከለኛ ጋር በአንድ መስመር ላይ ናቸው። በብዛት የሚገኘው ልኬት 30.5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 25 እና 35.5 ሴንቲ ሜትር የሆኑም አሉ። የእርስዎ ርቀት መቀመጫው ከሚጠይቀው ካነሰ የውሃ ሳጥኑ ግድግዳውን ስለሚነካ ሴራሚኩ በቦታው አይገባም፤ ከበለጠ ደግሞ መግጠም ቢቻልም ከሳጥኑ በስተጀርባ ባዶ ክፍተት ይቀራል።

ለግድግዳ መውጫ ከተጠናቀቀው ወለል እስከ ቧንቧው መካከለኛ ያለውን ከፍታ ይለኩ። ብዙ መቀመጫዎች መውጫቸው በ18 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት በጎማ ማገናኛው ይቻላል፤ ከዚያ ለሚያልፍ ልዩነት ደግሞ ሁለቱ አፎቹ በተለያየ ከፍታ ላይ የሆኑ ማገናኛ ይሸጣል። የግድግዳው ቧንቧ ከመቀመጫው መውጫ ከፍ ብሎ ከተገኘ ግን ሥራውን አይጀምሩ፤ ፍሳሽ ሽቅብ አይሄድም።

በመጨረሻም ቦታውን ይመልከቱ። ከመቀመጫው መካከለኛ መስመር እስከ ግራና ቀኝ ግድግዳ ወይም የእጅ መታጠቢያ ድረስ ቢያንስ 38 ሴንቲ ሜትር፣ ከመቀመጫው ፊት ለፊት ቢያንስ 53 ሴንቲ ሜትር፣ ቢቻል 60 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይተዉ። የክፍሉ በር ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ አዲሱን መቀመጫ ሳይነካ መዞሩንም አስቀድመው ያረጋግጡ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለመግጠሚያ፦
- የሴራሚክ መቀመጫ፣ የውሃ ሳጥን፣ በሳጥኑ ውስጥ የሚገቡት የውሃ መሙያና መልቀቂያ ዕቃዎች፣ መክደኛ (አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይሸጣሉ፤ ካርቶኑን ከመደብሩ ሳይወጡ ከፍተው ስንጥቅ አለመኖሩን ይዩ)
- ለወለል መውጫ፦ በመቀመጫውና በቧንቧው አፍ መካከል የሚያሽግ የሰም ቀለበት ወይም በምትኩ የሚሠራ የጎማ ቀለበት፣ እንዲሁም ቧንቧው አፍ ላይ ፍላንጅ (መቀመጫው በብሎን የሚታሰርበት ቀለበት) ካለ ለእርሱ የሚሆኑ ሁለት ብሎኖች
- ለግድግዳ መውጫ፦ ለፍሳሽ ቧንቧዎ ውፍረት የሚሆን የጎማ ማገናኛ (የፒቪሲ ፍሳሽ ቧንቧ በብዛት 110 ሚሊ ሜትር ነው)
- የወለል ብሎን ከፊሸሩ (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን ከሚይዘው ፕላስቲክ) እና ከፕላስቲክ ሮንዴላው ጋር
- አዲስ ፍሌክሲብል የውሃ ቱቦና፣ አሮጌው ጥሩ ካልሆነ፣ አዲስ አንግል ቫልቭ (ከግድግዳው ወደ ሳጥኑ የሚሄደውን ውሃ የሚዘጋና የሚከፍት)
- ቴፍሎን፣ ሻጋታ የሚከላከል ሲሊኮን፣ የፕላስቲክ ሽብልቆች

ለሥራው፦
- ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ እርሳስ፣ የወረቀት ፕላስተር
- የሚስተካከል መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የብረት መጋዝ
- መሰርሰሪያ ከሴራሚክና ከኮንክሪት መብሻ ጫፎች ጋር
- የሲሊኮን መግፊያ፣ መፋቂያ፣ ባልዲ፣ ስፖንጅ፣ አሮጌ ጨርቅ፣ የሳሙና ውሃ
- የጎማ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር

አሮጌ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ)፣ አሮጌ ሰም ቀለበትና አሮጌ ፍሌክሲብል መልሰው አይጠቀሙ። ጎማ አንድ ጊዜ ተጨፍልቆ የያዘውን ቅርጽ አይለቅም፤ ሰምም ከተጫነ በኋላ ተመልሶ አያብጥም። በእነዚህ ጥቃቅን ዕቃዎች ላይ የሚቆጠበው ገንዘብ ሥራውን በሙሉ እንደገና ያስጀምራል።

ማስጠንቀቂያዎች

አሮጌው መቀመጫ ከተነሣ በኋላ የፍሳሽ ቧንቧው አፍ ክፍት ይሆናል። ከውስጡ የሚወጣው አየር መርዛማው ሃይድሮጅን ሰልፋይድና ተቀጣጣዩ ሚቴን ሊኖሩበት ስለሚችሉ፣ አፉን ወዲያውኑ በጨርቅ ይድፈኑት፤ ክፍሉን ያናፍሱ፤ በአቅራቢያው እሳት አያብሩ፣ ሲጋራም አያጭሱ።

አሮጌውን መቀመጫ ሲያጸዱ በረኪናን ከአሲድ ማጽጃ ወይም ከአሞንያ ጋር አይቀላቅሉ። የመጀመሪያው ድብልቅ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ሁለተኛውም የመተንፈሻ አካልን የሚጎዳ ጋዝ ይፈጥራል። ጠባብ በሆነ ሽንት ቤት ውስጥ ሁለቱም አደገኛ ናቸው።

የተሰበረ ሴራሚክ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፤ ስለዚህ ጓንትና መነጽር ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮ ያድርጉ። ሳጥኑና መቀመጫው አንድ ወጥ የሆነ ዓይነት ከ40 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ለሁለት ሆነው ያንሡ፣ ሲያነሡም የሴራሚኩን አካል እንጂ ሳጥኑን አይያዙ።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

1. ውሃውን ዘግተው አሮጌውን ባዶ ያድርጉ። አንግል ቫልቩን ይዝጉ፤ ቫልቩ የማይዘጋ ከሆነ የቤቱን ዋና መዝጊያ ይጠቀሙ። ከዚያ ውሃውን ይልቀቁና በሳጥኑ ሥር የቀረውን በስፖንጅ፣ በመቀመጫው ውስጥ የቀረውን ደግሞ በጓንት እጅ እየቀዱ ወደ ባልዲ ያውጡ። ይህ ካልተደረገ መቀመጫውን ሲያዘነብሉት የቆሸሸው ውሃ በሙሉ ወለሉ ላይ ይፈስሳል።

2. አሮጌውን ይንቀሉ። ፍሌክሲብሉን ይፍቱ፤ ሳጥኑን ከመቀመጫው የሚያስሩትን ብሎኖች ፈትተው ሳጥኑን ለብቻው ያንሡ። የወለሉ ብሎን ዝጎ አልፈታ ካለ ዳዶውን በብረት መጋዝ ይቁረጡት፤ በኃይል ማጠማዘዝ ፊሸሩን ከወለሉ ጋር ይነቅለዋል። በመቀመጫው ዙሪያ ያለውን ሲሊኮን በስለት ቆርጠው ካላቀቁ በኋላ መቀመጫውን ወደ ግራና ቀኝ በቀስታ እያወዛወዙ ወደ ላይ ያንሡት። በሲሚንቶ የተተከለ ከሆነ ሲሚንቶውን ከዳር ጀምሮ በጠባብ መሮና በቀላል ምት ያላቁት፤ ከባድ ምት ሴራሚኩን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውንም ቧንቧ ሊሰነጥቅ ይችላል።

3. የቧንቧውን አፍ ያጽዱና ይመርምሩ። አፉን የሚደፍኑበት ጨርቅ ጫፍ በውጭ ይቅር ወይም በገመድ ይታሰር፤ ወደ ውስጥ ካመለጠ መስመሩን ይዘጋል። የአሮጌውን ሰምና ሲሚንቶ ቅሪት በመፋቂያ አንሥተው ወለሉን አጥበው ያድርቁ። ፍላንጅ ካለ ስንጥቅ አለመኖሩንና ከወለሉ ጋር በጥብቅ መያያዙን ይዩ፤ የላይኛው ገጹ ከተጠናቀቀው ወለል 6 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ይመረጣል። ከወለሉ በታች ከሆነ፣ ለምሳሌ በአሮጌው ላይ አዲስ ሴራሚክ በመነጠፉ፣ የፍላንጅ ማስረዘሚያ ወይም ወፍራም ሰም ቀለበት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሰሙ ከመቀመጫው ሥር ጋር አይገናኝም። ቧንቧው ራሱ ተሰንጥቆ ካገኙት ሳይጠገን ወደሚቀጥለው ደረጃ አይለፉ።

4. ያለ ማሸጊያ አስቀምጠው ይሞክሩ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ደረጃ ይህ ነው፤ በጥድፊያ ከሚዘለሉት መካከልም የመጀመሪያው ነው። ጨርቁን ከቧንቧው ያውጡ፤ ሰም ቀለበት ሳያደርጉ፣ የግድግዳ መውጫ ከሆነ ግን የጎማ ማገናኛውን አስገብተው መቀመጫውን በቦታው ያኑሩት። አራት ነገሮችን ያረጋግጡ፦ መውጫው ከቧንቧው አፍ ጋር በትክክል መገናኘቱን፣ ሳጥኑ ግድግዳውን አለመጫኑን፣ ፊቱ ከግድግዳው ጋር ቀጥ ብሎ መቆሙን (ከሁለቱ ጎን ግድግዳዎች ወይም ከሴራሚክ መስመሮቹ እየለኩ)፣ በመጨረሻም ውሃ ልኩ በጎንም በርዝመትም ቀጥ ማለቱን። ከዚያ በሁለት እጅዎ ጠርዙን ይዘው ለማወዛወዝ ይሞክሩ። የሚነቃነቅ ከሆነ ክፍተቱ ባለበት ቦታ የፕላስቲክ ሽብልቅ ያስገቡ፤ የእንጨት ሽብልቅ እርጥበት ስለሚያበሰብሰው አይሆንም። የሽብልቆቹን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት፣ መቀመጫው ሲነሣና ሲመለስ እንዳይሳሳቱ። በዚህ ጊዜ ያልተገኘ መወዛወዝ ማሸጊያው ከገባ በኋላ ቢገኝ ማሸጊያው ባክኗል ማለት ነው።

5. የብሎኖቹን ቦታ ምልክት አድርገው ይብሱ። መቀመጫዎ በፍላንጅ ብሎኖች ብቻ የሚታሰር ከሆነ ይህን ደረጃ ይለፉት። አለበለዚያ መቀመጫው በቦታው እንዳለ በብሎን ቀዳዳዎቹ ውስጥ እርሳስ አስገብተው ምልክት ያድርጉ፤ የመቀመጫውንም ዙሪያ በእርሳስ ያስምሩ። መቀመጫውን ካነሡ በኋላ የቧንቧውን አፍ በጨርቅ መልሰው ይድፈኑት። መብሻው እንዳይንሸራተት በምልክቱ ላይ የወረቀት ፕላስተር ይለጥፉና፣ የመሰርሰሪያውን ምት አጥፍተው በሴራሚክ መብሻ በዝግታ ይጀምሩ። ሴራሚኩ ከተበሳ በኋላ ብቻ ወደ ኮንክሪት መብሻ ይቀይሩ፤ ምት ከመጀመሪያው ከተበራ የወለሉ ሴራሚክ ይሰነጠቃል። ከመብሳትዎ በፊት በዚያ ቦታ ሥር የውሃ ቧንቧ ወይም የኤሌክትሪክ መስመር እንደማያልፍ ያረጋግጡ። አቧራውን ከቀዳዳው ጠርገው ፊሸሩን ያስገቡ።

6. ማሸጊያውን ያድርጉ። ጨርቁን ከቧንቧው አፍ ማውጣትዎን በዓይንዎ አይተው ያረጋግጡ።

ለወለል መውጫ ሰም ቀለበቱን የክፍሉ ሙቀት እንዲያለሰልሰው አስቀድመው ከካርቶኑ ያውጡት፤ የቀዘቀዘ ሰም አይጨፈለቅም። ቀለበቱን በፍላንጁ ላይ ወይም መቀመጫውን በጎኑ አስተኝተው በመውጫው ዙሪያ ያኑሩት፤ ሁለቱም ይሠራል፣ እኔ ግን ማዕከሉን ለማየት ስለሚቀል ፍላንጁ ላይ ማድረጉን እመርጣለሁ። የጎማ ቀለበት ከመረጡ መቀመጫውን አንሥተው እንደገና ማስቀመጥ ይቻላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ለግድግዳ መውጫ ማገናኛውን መጀመሪያ ወደ ቧንቧው ያስገቡ፣ ከዚያ የመቀመጫውን መውጫ ወደ ማገናኛው ይግፉ። የጎማውን ከንፈሮች በሳሙና ውሃ ያርጥቡ። ቅባትና ቫዝሊን አይጠቀሙ፤ ከነዳጅ የሚወጡ ቅባቶች ብዙ ዓይነት ጎማዎችን ያሳብጣሉ፣ ያበላሻሉም። ከገባ በኋላ የጎማው ከንፈር በየትኛውም በኩል አለመታጠፉን በጣትዎ ዙሪያውን ዳሰው ያረጋግጡ፤ ሽታ በብዛት የሚያልፈው በታጠፈ ከንፈር በኩል ነው።

7. መቀመጫውን ያስቀምጡና በብሎን ያጥብቁ። ለሁለት ሆናችሁ መቀመጫውን ቀጥ አድርጋችሁ አንሡት፤ ብሎኖቹ በቀዳዳዎቹ ውስጥ እያለፉ መሆናቸውን እያያችሁ በአንድ ጊዜ ቁልቁል አውርዱት። ሰም ቀለበት ካለ የሰውነትዎን ክብደት ቀስ በቀስ በመጫን፣ ሳይጠማዘዝ፣ ሥሩ ወለሉን እስኪነካ ድረስ ይጫኑት። አንዴ ከወረደ በኋላ ተነሥቶ ከተመለሰ ሰሙ ውስጥ የአየር መንገድ ይፈጠራል፤ እንዲህ ከሆነ ያለ ማመንታት አዲስ ቀለበት ይጠቀሙ። ሽብልቆቹን በምልክታቸው ላይ ይመልሱና የፕላስቲክ ሮንዴላውን በብሎኑ ላይ ያስገቡ፤ ብረት በቀጥታ ሴራሚክ ላይ ካረፈ ጫናው በአንድ ነጥብ ይሰበሰባል።

አሁን ግራውን ጥቂት፣ ቀኙን ጥቂት እያሉ በመፈራረቅ ያጥብቁ። አንዱን ወገን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ መቀመጫውን ያዛባዋል፣ ሴራሚኩንም ሊሰነጥቀው ይችላል። መቀመጫው መነቃነቅ ሲያቆም እርስዎም ያቁሙ። ከዚያ በኋላ የሚጨመር ዙር አንድም ጥቅም የለውም። በፍላንጅ ብሎኖቹ ላይ የተረፈውን ርዝመት በብረት መጋዝ ቆርጠው ቆቦቹን ያልብሷቸው።

8. የውሃ ሳጥኑን ይግጠሙ። በሳጥኑ ሥር ባለው መልቀቂያ ላይ ወፍራሙን ጎሚኒ በሚገባ ያስገቡ። የሳጥኑ ብሎኖች ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገቡ ሲሆን፣ የጎማው ሮንዴላ በሳጥኑ ውስጥ ከብሎኑ ራስ ሥር መሆን አለበት፤ በተቃራኒው ከተደረገ ውሃው በብሎኑ ጥርስ እየወረደ ይንጠባጠባል። ሳጥኑን መቀመጫው ላይ ካሳረፉ በኋላ የብሎኑን ራስ ከውስጥ በካቻቢቴ ይዘው ዳዶውን ከሥር ያጥብቁ፤ ካቻቢቴው እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ ዳዶውን ብቻ ማዞር ጎማው እንዳይጠማዘዝ ይረዳል። እዚህም በመፈራረቅ ያጥብቁ፤ ሳጥኑ ቀጥ ብሎ፣ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ሳይወዛወዝ መቀመጫው ላይ ሲያርፍ በቂ ነው። በሥራው ሁሉ ሴራሚክ በብዛት የሚሰነጠቀው በዚህ ደረጃ ላይ ስለሆነ ረጅም እጀታ ያለው መፍቻ አይጠቀሙ።

9. ውሃውን ያገናኙ። አዲስ አንግል ቫልቭ የሚገጥሙ ከሆነ ዋናውን የውሃ መዝጊያ ዘግተው በግድግዳው በኩል ባለው ጥርስ ላይ ቴፍሎን ይጠምጥሙ፤ አጠማጠሙ ቫልቩ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ይሁን፣ አለበለዚያ ቫልቩ ሲገባ ቴፍሎኑ ይፈታል። ፍሌክሲብሉ በሁለቱም ጫፎቹ የራሱ ጎሚኒ ስላለው ቴፍሎን አያስፈልገውም። ፍሌክሲብሉን ከሳጥኑ ጋር ከማገናኘትዎ በፊት ሌላኛውን ጫፍ ወደ ባልዲ አድርገው ውሃውን ለጥቂት ሰከንዶች ይልቀቁ። በመስመሩ ውስጥ የነበረ አሸዋና የቴፍሎን ቁራጭ በዚህ ይወጣል፤ ካልወጣ የውሃ መሙያውን ቀጭን መተላለፊያ ይደፍንና ሳጥኑ እንዳይሞላ ወይም እንዳይዘጋ ያደርገዋል። ከዚያ የፕላስቲኩን ዳዶ በእጅ እስኪያቆም ያጥብቁና በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ ይጨምሩ። ፍሌክሲብሉ ሳይጠማዘዝና ሳይታጠፍ ለስላሳ ቅስት ይሥራ።

10. የውሃውን ከፍታ ያስተካክሉ። ቫልቩን በዝግታ ይክፈቱ። በሳጥኑ ውስጥ የከፍታ መስመር ካለ እርሱን ይከተሉ፤ ከሌለ ውሃው ከትርፍ ማስተላለፊያው ቱቦ አፍ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እንዲቆም ተንሳፋፊውን ያስተካክሉ። ከፍ ካለ ውሃው ሳይታወቅ በቱቦው በኩል ሌሊትና ቀን ይፈስሳል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ የሚለቀቀው ውሃ ፍሳሹን ለመግፋት አቅም ያጣል። የመልቀቂያው መክደኛ በሰንሰለት የሚከፈት ከሆነ ሰንሰለቱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይላላ፤ በአዝራር የሚሠራ ከሆነ ዘንጎቹ አዝራሩን ሳይጫኑት ብቻ የሚነኩ እስኪሆኑ ያሳጥሩ።

11. ይፈትሹ። ደረቅ የሽንት ቤት ወረቀት በፍሌክሲብሉ ጫፎች፣ በሳጥኑ ብሎኖች፣ በሳጥኑና በመቀመጫው መገናኛ፣ በመቀመጫውም ዙሪያ ያነጥፉ። ዓይን የማያየውን ጠብታ ወረቀት ያሳያል። ውሃውን ከ5 እስከ 6 ጊዜ፣ ሳጥኑ እየሞላ፣ ይልቀቁ። ወረቀቱ ደረቅ ከቀረ ሳጥኑ ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጨምረው ውሃ ሳይለቁ 30 ደቂቃ ይቆዩ። ቀለሙ በመቀመጫው ውስጥ ከታየ የመልቀቂያው ጎማ በትክክል አልተቀመጠም፤ አንሥተው ጠርዙን ይጥረጉትና እንደገና ያሳርፉት። ከፈተናው በኋላ ተቀምጠው ወደ ግራና ቀኝ ያዘንብሉ። አንዳች እንቅስቃሴ ከተሰማዎት ሲሊኮን ከመቀባትዎ በፊት ሽብልቁን ያስተካክሉ፤ የሚወዛወዝን መቀመጫ ሲሊኮን አያቆመውም።

12. መክደኛውን ይግጠሙና ሲሊኮን ይቀቡ። ሽብልቆቹን ከመቀመጫው ጠርዝ ጋር እኩል ይቁረጡ። ወለሉና ሴራሚኩ ፍጹም ደረቅ ሲሆኑ በመቀመጫው ዙሪያ ቀጭን የሲሊኮን መስመር አውጥተው በሳሙና ውሃ በረጠበ ጣት ያለስልሱት። ከኋላ በኩል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሳይቀቡ ይተዉ፦ ከሥር ያለው ማሸጊያ አንድ ቀን ቢያፈስስ ውሃው በዚያ ወጥቶ ይታያል፤ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ግን ውሃው ከመቀመጫው ሥር ተጠራቅሞ ወለሉን ሲያበላሽ ማንም አያውቅም። ሲሊኮኑ እስኪደርቅ 24 ሰዓት ያህል መቀመጫውን ባይጠቀሙበት ይሻላል።

በብዛት የሚታዩ ስሕተቶች

በሲሚንቶ መትከል። በብሎን ፋንታ ወይም ከብሎን ጋር በሲሚንቶ መቀመጫውን ማጣበቅ ሥራውን ያጠነክረዋል ተብሎ ይታሰባል። ሲሚንቶ ግትር ነው፤ ሲረጋም ሆነ ወለሉ ጥቂት ሲንቀሳቀስ ጫናውን ወደ ሴራሚኩ ያስተላልፋል፣ ሴራሚኩም ይሰነጠቃል። ከዚህም በላይ ማሸጊያውን መቀየር ሲያስፈልግ መቀመጫውን ሳይሰብሩ ማንሣት አይቻልም።

ሁለት ሰም ቀለበት መደራረብ። የፍላንጁ ዝቅታ በዚህ ይፈታል ብለው የሚያደርጉት አሉ። ሁለቱ ቀለበቶች በመካከላቸው ሊንሸራተቱና ወደ ቧንቧው ሊገቡ ስለሚችሉ፣ በደረጃ 3 የተጠቀሰው የፍላንጅ ማስረዘሚያ ይመረጣል።

የሚንጠባጠብን ዳዶ ደጋግሞ ማጥበቅ። ጠብታ ሲያዩ የመጀመሪያው ስሜት ማጥበቅ ነው። ሩብ ዙር ጨምሮ ካልቆመ ግን ችግሩ ጎሚኒው ስለታጠፈ፣ ስለቆሸሸ ወይም ያለ ቦታው ስለገባ ነው፤ ፈትተው ይመልከቱት።

ሽታን በሽቶ መሸፈን። በመቀመጫው ውስጥ ሁልጊዜ የሚቆመው ውሃ፣ ከፍታው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ የቧንቧውን አየር ወደ ክፍሉ እንዳይገባ የሚከለክል መዝጊያ ነው። ቤቱ ለረጅም ጊዜ ባዶ ከቆየ ውሃው ይተንናል፤ ያኔ አንድ ባልዲ ውሃ ማፍሰስ ይበቃል። ውሃው እያለ የሚሸት ከሆነ ግን ማሸጊያው ወይም የጎማ ማገናኛው አልያዘም።

የአየር ማስወጫውን መርሳት። ውሃ ሲለቀቅ መቀመጫው ወይም በአቅራቢያው ያለ የእጅ መታጠቢያ የሚያንጎራጉር ከሆነ፣ ከመቀመጫው የሚወርደው ፍሳሽ ከኋላው አየር አጥቶ ከሌሎች ሲፎኖች (ሽታ የሚከለክል ውሃ ከሚይዙ የቧንቧ ጥምዞች) እየሳበ ነው። የአየር ማስወጫ ቱቦው ተዘግቶ ወይም ከመጀመሪያው ሳይሠራ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ መቀመጫውን አንሥቶ መመለስ ይህን አይፈታም።

ባለሙያ የሚጠራባቸው ሁኔታዎች

ወለሉ ውስጥ ያለው ቧንቧ ተሰንጥቆ ወይም ተንሸራቶ ሲገኝ፣ ከመቀመጫው የሚወጣው ፍሳሽ ሳይዘጋ ቀስ ብሎ ሲሄድ (ቁልቁለቱ በ1 ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆን ሲገባው የጎደለ ሊሆን ይችላል)፣ ወይም መቀመጫው በሚቆምበት ቦታ ወለሉ ራሱ ለስልሶ ሲሰማዎት ሥራውን ያቁሙ። እነዚህ ወለል መክፈትን የሚጠይቁ ናቸው። የቧንቧውን አፍ በጥብቅ ደፍነው፣ ውሃውን ዘግተው፣ ያዩትንም ፎቶ አንሥተው ባለሙያውን ይጠብቁ፤ ፎቶው የትኛውን ቧንቧና የትኛውን መሣሪያ ይዞ መምጣት እንዳለበት አስቀድሞ ይነግረዋል።